ወረቀቱ የት ደረሰ?

መሥሪያ ቤት ደጃፍ የረገጠ ሰው ሁሉ የጠየቀው ጥያቄ ነው፦ «ወረቀቴ የት ደረሰ?» መልሱም የታወቀ ነው። «ቀርቧል።» «እየታየ ነው።» «ፊርማ ላይ ነው።» «ነገ ብቅ ይበሉ።» ከእነዚህ አንዱም ውሸት ላይሆን ይችላል። ግን አንዱም ወረቀቱ አሁን፣ በዚች ደቂቃ፣ የማን ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ አይናገርም። ያንን የሚያውቅ ሰው አለ። ባለጉዳዩ ግን አይደለም።

እኔ የምተዳደረው በሶፍትዌር ሥራ ነው። ከሥራዎቼ አንዱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል የሚባለውን ዓይነት ፕሮግራም ሊኑክስ ሰርቨር ላይ መጫን ነው። ወርክፍሎው ይሉታል፤ በእኛ አባባል የሥራ ፍሰት። ብራውዘር ይከፈታል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ቅጹ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይሄዳል፣ እያንዳንዱ ርክክብ ይመዘገባል። በቃ፣ ይሄው ነው።

ስጭነው ግን ፕሮግራሙ የሚጠይቀኝ እያንዳንዱ ጥቃቅን ጥያቄ ከጀርባው ረጅም ታሪክ እንዳለው አየሁ። ታሪኩን ወደኋላ ስከተለው ደግሞ አንድ ነገር እየደጋገመ ይመጣል፦ ወረቀት የት እንዳለ ማወቅ ሥልጣን ነው። ሶፍትዌሩ ያንን ሥልጣን አያጠፋውም። ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ያዛውረዋል እንጂ። ወደ ማን እንደሚያዛውረው የሚወሰነው በአብዛኛው ማንም ልብ በማይልበት ሰዓት ነው፤ ሰርቨሩ ገና በሚዘጋጅበት ሳምንት።

ጸሐፌ ትእዛዝ

ከራሳችን እንጀምር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ከሹመቶቹ አንዱ የጽሕፈት ሚኒስትርነት ነበር። የተሾሙት ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ናቸው፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዜና መዋዕል የጻፉትም እሳቸው ናቸው። ማዕረጉ ራሱ ከሚኒስቴሩ በፊት የነበረ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ማለት የትእዛዝ ጸሐፊ ማለት ነው። ጦር አይመራም፣ ግብር አይሰበስብም። ንጉሡ በቃል ያሉትን ወረቀት ላይ ያሰፍራል፣ ማኅተም ያስመታል፣ ለሚመለከተው ይልካል።

ሲያዩት የጸሐፊ ሥራ ይመስላል። ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ። ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. የጽሕፈት ሚኒስትር የነበሩት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ከመሳፍንት ወገን አልነበሩም። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ እንደ እሳቸው የሚፈራ ባለሥልጣን አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደ ቤተ መንግሥት የሚገባ ጉዳይ በእሳቸው በኩል ይገባል፤ ከዚያ የሚወጣ ትእዛዝ በእሳቸው በኩል ይወጣል። ምን እንደቀረበ፣ ምን እንዳልቀረበ፣ ምን ለነገ እንደተባለ ያውቃሉ። በ1947 ዓ.ም. ከቦታቸው ተነስተው ወደ አርሲ ገዥነት ሲላኩ ከእጃቸው የወጣው ትልቁ ነገር ይሄው መተላለፊያ ነበር።

በቋንቋችንም ውስጥ ነገሩ ተቀምጧል። ደብዳቤ ሲመጣ ኃላፊው ጠርዙ ላይ በእስክርቢቶ «ለግዥ ክፍል፣ ታይቶ ይፈጸም» ብሎ ይጽፋል፣ ይፈርማል፣ ቀን ያስቀምጣል። ይሄ ድርጊት «መምራት» ይባላል፤ ደብዳቤው «ተመራ» እንላለን። ሕዝብ የሚመራውም፣ ወረቀት የሚመራውም በአንድ ግሥ ነው። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ መዝገብ ቤት ይወርዳል፣ ቁጥር ያገኛል፣ በገቢ ወይም በወጪ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ በተላላኪ እጅ ወደተመራበት ይሄዳል። የጠርዝ ጽሑፉና መዝገቡ አንድ ላይ ሲሆኑ ሙሉ የሥራ ፍሰት ሥርዓት ናቸው። ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሌላቸው።

ወረቀትን በሥዕል

ወረቀትን የመከታተል ጭንቀት የእኛ ብቻ አልነበረም። ሌሎች አገሮች ውስጥ ግን ከኮምፒውተር ጋር የተገናኘው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ካርል አዳም ፔትሪ የተባለ ጀርመናዊ ዳርምሽታት ላይ የዶክትሬት ጽሑፉን አቀረበ። ከዚያ ሥራ ያደገው የፔትሪ መረብ የሚባለው አሳሳል ነው። ክቦች አሉ፣ ሰረዞች አሉ፣ በክቦቹ ውስጥ ነጥቦች አሉ። ወደ አንድ ሰረዝ የሚገቡት ክቦች በሙሉ ነጥብ ሲኖራቸው ብቻ ነጥቡ ወደፊት ያልፋል። ቢሮ የሠራ ሰው ይሄን ለመረዳት ሒሳብ አያስፈልገውም። ሁለቱ ፊርማዎች ካልተሟሉ ቼኩ አይወጣም ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ማይክል ዚስማን የተባለ ተመራማሪ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን አሳሳል ወደ ቢሮ አመጣው። ኮምፒውተሩ የቢሮውን ሥነ ሥርዓት በሥዕል ካወቀ ቀጣዩን እርምጃ ራሱ ሊያስጀምር ይችላል የሚል ሐሳብ ነበር። በዚያው ሰሞን ካሊፎርኒያ፣ ፓሎ አልቶ ውስጥ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማዕከል ሌላ ቡድን ተመሳሳይ ነገር እየሠራ ነበር። ከቡድኑ መሪዎች አንዱ ክላረንስ ኤሊስ ነው፤ ወዳጆቹ ስኪፕ ይሉት ነበር።

የኤሊስን ታሪክ ሳልነግራችሁ አላልፍም። እ.ኤ.አ. በ1943 ቺካጎ የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ15 ዓመቱ አንድ ድርጅት ውስጥ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ኮምፒውተሩን እንዳይነካ ተነግሮታል። የኮምፒውተሩን መመሪያ መጻሕፍት እንዳያነብ ግን ማንም አልከለከለውም፤ ሌሊቱን ሙሉ አነበባቸው። አንድ ቀን የመረጃ መብሻ ካርድ ሲያልቅባቸው ያገለገሉትን ካርዶች መልሶ መጠቀም እንደሚቻል የሚያውቀው ይሄ የጥበቃ ልጅ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1969 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ሲቀበል በዘርፉ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ።

በማዕከሉ የተሠራው ሥርዓት ኦፊስቶክ ዜሮ ይባል ነበር። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ቅጽ፣ የገቢ ትሪና የወጪ ትሪ ነው። እነዚያ ሁለት የእንጨት ወይም የሽቦ ትሪዎች በእያንዳንዱ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ የምናውቃቸው ናቸው፤ ሥርዓቱ ስክሪን ላይ አስቀመጣቸው። ኤሊስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በቢሮ ውስጥ የመረጃን ፍሰት በሒሳብ የሚገልጽ የራሱን የአሳሳል ዘዴ አሳተመ። ዛሬ እኔ ብራውዘር ውስጥ በማውስ እየጎተትኩ የማስቀምጣቸው ክብ፣ ሳጥንና አልማዝ የእነዚህ ሥዕሎች የልጅ ልጆች ናቸው።

የሒሳብ ክፍሉ ሁለት ሠራተኞች

እዚያው የምርምር ማዕከል ውስጥ፣ በዚያው ጊዜ፣ ሉሲ ሳችማን የምትባል አንትሮፖሎጂስት ነበረች። ኢንጂነሮቹ ሥዕሉን ሲስሉ እሷ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላ ሰዎች የሚያደርጉትን ትመለከት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመችው ጽሑፍ አንድ የሒሳብ ክፍል ላይ ያተኩራል። ክፍያው ያለፈበት ደረሰኝ አለ፤ መኖር ያለባቸው ወረቀቶች ግን ፋይሉ ውስጥ የሉም። ሁለት ሠራተኞች ቁጭ ብለው ከተረፉት ወረቀቶች በመነሳት ምን እንደተገዛ፣ ምን እንደደረሰ፣ ምን እንደተከፈለ መልሰው ይገጣጥማሉ።

ሳችማን ያለችው በአጭሩ ይሄ ነው። ፋይሉ መጨረሻ ላይ ሥርዓት ይዞ ሲታይ ሠራተኞቹ ሥነ ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ የተከተሉ ይመስላል። ግን ሥርዓቱ የሥራቸው መነሻ አይደለም፤ ውጤት ነው። በሥዕሉ ላይ አንዲት ሳጥን የሆነችው ነገር ውስጧ ሲከፈት ፍለጋ፣ ግምት፣ ስልክና ክርክር ነው። ይህ ሁሉ መዝገብ ላይ አይወጣም።

ይሄን ጽሑፍ ሳነብ የወልደ ጊዮርጊስ ነገር በሌላ በኩል ታየኝ። ወረቀት የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ሚኒስትር ሲሆን ሥልጣን እንለዋለን። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ስትሆን ግን ስም እንኳን የለውም።

ሥሩን ንቀሉት

ሦስተኛው ሐሳብ የመጣው ከማኔጅመንት ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ማይክል ሐመር በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። መልእክቱ፦ የተበላሸ አሠራርን በኮምፒውተር አታፍጥኑት፣ ሥሩን ነቅላችሁ ጣሉት። ምሳሌው ፎርድ ነበር። ፎርድ በሰሜን አሜሪካ ለዕቃ አቅራቢዎች ክፍያ የሚሠሩ ከ500 በላይ ሰዎች ነበሩት። ኮምፒውተር በማስገባት ወደ 400 ለማውረድ አሰበ። ከዚያ የማዝዳ ተመሳሳይ ክፍል ውስጥ ያሉት 5 ሰዎች መሆናቸውን ሰማ።

የፎርድ ሰዎች ጊዜያቸውን የሚፈጁት የግዥ ትእዛዙን፣ የዕቃ መረከቢያውንና ደረሰኙን በማመሳከር ነበር። አዲሱ አሠራር ደረሰኙን ጭራሽ አስወገደው። ዕቃው ሲደርስ መጋዘን ያለው ሠራተኛ ኮምፒውተሩ ላይ ከትእዛዙ ጋር ያስተያየዋል፤ ከገጠመ ክፍያው ይሄዳል።

ይህ ሐሳብ እኛ አገርም ገብቷል፤ ቢፒአር በሚል ስም። መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ተብሎ በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ተጠንቷል፣ ተሥሏል፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ወላጆቻችሁ የመንግሥት ሠራተኞች ከነበሩ «ቢፒአር መጣ» ሲባል እቤት ውስጥ የነበረውን ድባብ ታስታውሱ ይሆናል፤ ማን ይቀራል፣ ማን ይነሳል። ዛሬም አንዳንድ ቢሮ ስገባ የዚያን ዘመን ሥዕል አገኛለሁ። ቀስቶቹ ቆንጆ ናቸው። ወረቀቱ ግን በቀስቶቹ አይሄድም።

ሐመር እውነት አለው፤ የሚነቀል ነገር ሞልቷል። ችግሩ ከውጭ ሲታይ የሚነቀለው ትርፍ እርምጃና የሳችማን ሠራተኞች የሚሠሩት ስውር ሥራ አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። ሁለቱም «መዘግየት» ይባላሉ።

ከውድ ሳጥን ወደ ነፃ ሰርቨር

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እንደ ፋይልኔት ያሉ ኩባንያዎች የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር መሸጥ ሲጀምሩ ገዢዎቹ ትልልቅ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ነበሩ። የእኛን መሰል አገር ውስጥ ያለ መካከለኛ ድርጅት የሚያስበው ነገር አልነበረም። ይሄን የቀየረው የነፃ ሶፍትዌር ጥርቅም ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ውስጥ በአንድ ተማሪ ተጀመረ። ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ሁለቱም በ1995 ወጡ፤ የአፓቼ ዌብ ሰርቨርም እንዲሁ። በ1998 አንድ የጀርመን መጽሔት የአራቱን የመጀመሪያ ፊደሎች አጋጥሞ ላምፕ አላቸው። ከዚያ በኋላ አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው ሰው ሰርቨር አለው ማለት ነው።

እኔ በብዛት የጫንኩት ፕሮሰስሜከር የሚባለውን ነው። የተጻፈው በፒኤችፒ ነው፤ የጀመሩትም ቦሊቪያ ውስጥ፣ ላ ፓዝ ላይ ሲሠራ የነበረ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። ይሄን ሳውቅ ደስ ብሎኛል። ማኅተም፣ ፊርማና «ነገ ይመለሱ» የሚሉትን ነገሮች ከመጽሐፍ ያነበበ ሳይሆን የኖረባቸው ከተማ የሠራው ይመስለኛል። የማኅበረሰብ እትሙ ኮዱ ክፍት ስለነበር ውስጡን ከፍቶ ማየት ይቻላል። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝም ይሄው ነው።

ሰርቨሩ የሚጠይቃችሁ

እንግዲህ ወደ ጭነቱ። ኡቡንቱ ወይም ሴንትኦኤስ ያለበት ሰርቨር ይዘጋጃል። ዌብ ሰርቨሩ፣ ፒኤችፒና ዳታቤዙ ይጫናሉ። የፕሮግራሙ ፎልደር ኦፕት ሥር ይፈታል፤ አንዳንድ ፎልደሮች ዌብ ሰርቨሩ ሊጽፍባቸው እንዲችል ፈቃድ ይሰጣቸዋል። ብራውዘር ሲከፈት የጫኙ ገጽ የፒኤችፒውን እትም፣ ተጨማሪዎቹንና ፈቃዶቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ የጎደለውን በቀይ፣ የተሟላውን በአረንጓዴ ያሳያል። ሁሉም አረንጓዴ ሲሆን የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ይሞላል፣ የአስተዳዳሪው ስም ይመረጣል፣ አለቀ። ነገሩን የለመደ ሰው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ሳይመሽ ይጨርሰዋል።

በመሐል ግን ትንንሽ ጥያቄዎች አሉ። የመጀመሪያው የፊደል ነው። ማይኤስኪውኤል እስከ 8ኛው እትሙ ድረስ ካልተነገረው በቀር የሚያስበው በላቲን ፊደል ነበር። እንዲሁ ከተተወ «የግዥ ጥያቄ» ብላችሁ የጻፋችሁት ተራ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመለሳል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ3ኛው እትም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ስለዚህ መፍትሔው አንድ መስመር ነው። የማይፈታው ሌላ ነው። ኃይሉ፣ ሃይሉና ሀይሉ ለእኛ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለዳታቤዙ ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይሄን ሳታስበው ትፈታው ነበር።

ሁለተኛው የሰዓት ነው። ፒኤችፒ የሰዓት ቀጠና ይጠይቃል፤ «አፍሪካ፣ አዲስ አበባ» ብላችሁ ትሞላላችሁ። በዓለም አቀፉ የሰዓት ቀጠና መዝገብ ውስጥ ግን አዲስ አበባ ዛሬ የናይሮቢ ሌላ ስም ብቻ ናት፤ ሰዓታችን አንድ ስለሆነ። ይሄ አይጎዳም። የሚጎዳው የቀን መቁጠሪያው ነው። ፕሮግራሙ የሥራ ቀንና በዓል የሚለይበት ሠንጠረዥ አለው፤ «በ3 የሥራ ቀን ይመለስ» ሲባል የሚቆጥረው በእሱ ነው። የሚያውቀው ግን የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። አዲስ ዓመት አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12 ይውላል፤ ፋሲካና ኢድ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳሉ። አንድ ሰው በየዓመቱ በእጁ ካልሞላው ሶፍትዌሩ የፋሲካ ዋዜማ ወደ ገጠር የሄደውን ሰው «ዘግይቷል» ይለዋል።

ሦስተኛው ክሮን ነው። ክሮን የሊኑክስ የቀጠሮ ደወል ነው፤ ለምሳሌ በየ5 ደቂቃው አንድ ፋይል ያስነሳል። ያ ፋይል ሲነሳ ያልተላኩ ኢሜይሎችን ይልካል፣ ለጊዜው የቆሙ ጉዳዮችን ያስቀጥላል፣ እያንዳንዱ ጉዳይ የወሰደውን ጊዜ ያሰላል። ክሮን ካልተተከለ ፕሮግራሙ የሚሠራ ይመስላል፤ ግን ማንንም አያስታውስም፣ ምንም አይቆጥርም።

አራተኛው ጥያቄ ቴክኒካዊ ይመስላል፤ አይደለም። የተጠቃሚ ሚና። ማን ይጠይቃል፣ ማን ያጸድቃል፣ ማን የሌላውን ያያል? ይሄ እንደ አንድ ተራ ገጽ ይመጣል፤ ስሞች በግራ፣ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች በቀኝ። የጽሕፈት ሚኒስቴር ታሪክ በሙሉ እነዚያ ሳጥኖች ውስጥ ነው ያለው።

ደረሰኝ የሌለው ወረቀት

አንድ ድርጅት ውስጥ የግዥ ጥያቄን ወደ ኮምፒውተር ለማምጣት ተቀጥሬ ነበር። ሥዕሉን ከመሳሌ በፊት መዝገብ ቤቱን ለረጅም ዓመት ከያዙት ሴትዮ ጋር ተቀመጥኩ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት መዝገብና አንድ የዴስክ ስልክ አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ፕሮግራምህ ደረሰኝ የጎደለውን ወረቀት ምን ያደርገዋል?» አሉኝ።

«ወደ ጠያቂው ይመልሰዋል፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ አልመልሰውም። ከመለስኩት እንደገና ከታች ይጀምራል፤ እስኪመለስ በጀቱ ይዘጋል። እደውልለታለሁ። ደረሰኙን በሰው ይልከዋል። እስከዚያ ወረቀቱ እኔ ጋ ያድራል።»

«ስንት ቀን ያድራል?»

«እንደ ሰውዬው ነዋ!»

ሳቅን። ግን የሳችማን ሁለት ሠራተኞች እፊቴ የተቀመጡ መሰለኝ። ሥዕሉ በተለመደው መንገድ ቢሳል በእኚህ ሴት ስም ላይ ቀይ ይከማቻል፤ ወረቀቱን እንዳይሞት ያቆዩበት ቀን ሁሉ የእሳቸው ጥፋት ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ሥዕሉ ላይ አንድ ነገር ጨመርን፤ «ሰነድ በመጠበቅ ላይ» የሚል ማቆሚያ። እሳቸው ሲጫኑት ሰዓቱ ይቆማል፣ ምክንያቱ ይጻፋል፣ ጠያቂውም ያያል። ሥራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስም አገኘ።

የመጀመሪያው ወር ሲያልቅ ጉዳዮቹን በቆዩበት ጊዜ ደረደርኳቸው። ረጅሙ ቆይታ መዝገብ ቤት አልነበረም፤ የመጨረሻው ማጽደቂያ ላይ ነበር። ሪፖርቱን ለኃላፊው ሳሳያቸው ዝም ብለው ተመለከቱትና አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ይሄን ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል?» አልኳቸው፣ አሁን በተቀመጠው ፈቃድ አዎ። በሚቀጥለው ሳምንት ፈቃዱ እንዲቀየር በደብዳቤ ተጠየቀ። ደብዳቤው ጠርዙ ላይ በእስክርቢቶ ተመርቶ ነው የመጣው። ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው፤ ተቀየረ። የመዝገብ ቤቱ ቆይታ ለሁሉም እንደታየ ቀረ፤ የላይኛው ግን ተሸፈነ።

ሠንጠረዡ

ፕሮሰስሜከር ዳታቤዙ ውስጥ አፕ ዴሌጌሽን የሚባል ሠንጠረዥ አለው። አንድ ጉዳይ ከሰው ወደ ሰው ባለፈ ቁጥር አንድ መስመር ይጨመርበታል፦ የጉዳዩ መለያ፣ የተረካቢው መለያ፣ የተረከበበት ቀንና ሰዓት፣ የጨረሰበት ቀንና ሰዓት። የደብዳቤው ጠርዝና የገቢ መዝገቡ አንድ ላይ ተቀላቅለው ይሄን ሆነዋል። ልዩነቱ መዝገቡ የሚጻፈው ሠራተኛዋ ስትጽፈው ሲሆን ይሄኛው ግን ማንም ሳይጽፈው ይጻፋል። ስለ ተላላኪውም ስለ ዋናውም በእኩል።

ይህ እኩልነት እስከ ዳታቤዙ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ የሚታየው በፈቃድ ነው። አለቃው የበታቹን ብቻ የሚያይበት ሥርዓት ይሠራል፤ ባለጉዳዩ የሁሉንም የሚያይበትም ይሠራል። ኮዱ ለሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ ጥቂት ሳጥኖች ላይ ምልክት ማድረግ ነው።

አገራችን ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለውን ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ካጸደቀች ወዲህ ይሄ ሥራ እየበዛ ነው። የምታነቡት ሰዎች ብዙዎቻችሁ የእኔ ዕድሜ ናችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እነዚህን ሥርዓቶች ትጭናላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ ከወዲያኛው ወገን ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ስለ ሲስተም ስናወራ የምንጠይቀው ይፈጥናል ወይ፣ ይወድቃል ወይ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል ወይ የሚሉትን ነው። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን ከማንም ደንበኛ ጋር ስቀመጥ ሰርቨሩ ሳይገዛ፣ ሥዕሉ ሳይሳል፣ አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ሆኗል፦ ያቺን ሠንጠረዥ ማን ያያታል?

ብዙ ጊዜ መልስ የላቸውም፤ አስበውበት አያውቁም። አንዳንዶቹ ይስቃሉ። እኔም በውሉ ላይ አንድ አንቀጽ አስገባለሁ፤ ጉዳዩን ያስገባ ሰው የራሱ ጉዳይ በአሁኑ ሰዓት በማን እጅ እንዳለና ከመቼ ጀምሮ እንደቆየ ማየት ይችላል የሚል። በኮድ በኩል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለማስፈረም ግን ከጭነቱ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የሚወስደው እሱ ነው።